ከዚህ በታች ለብቻሽ

ጥቅምት 8

ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ከዓይኗ በቀር ምንም አልሆነችም፤ እሱንም ቢሆን «ካንቺ ፊት ሌላ ምን የሚታይ አለና» ብላ ትቀልድበታለች። ደብዳቤህን እንደ ልማዳችን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሰላምታህን፣ የአለቃህን ጠባይ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ መስታወት ስትገጥሙ ነፋሱ ሊወስዳችሁ እንደነበር ሰማች። ሳቀችም፣ ደነገጠችም። ከዚያ «ከዚህ በታች ለብቻሽ» የሚለው መስመር ላይ ደርሼ ቆምኩ። «ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። «አለቀ» አልኳት። «ወረቀቱ ሁለት ነው እኮ» አለች። ዓይኗ ቢደክም ጣቷ አልደከመም።

አሁን ወደ ጓደኛህ ጉዳይ እንምጣ። ሽንቱን ሲሸና ስለሚያቃጥለው፣ የውስጥ ሱሪውን ተደብቆ ስለሚያጥበው፣ ሐኪም ቤት መሄድ ስለሚያፍረው ስለዚያ ጓደኛህ ማለቴ ነው። እኔ በምሠራበት የወጣቶች ክሊኒክ በሬን አንኳኩቶ የገባ ልጅ ሁሉ እንዲህ ያለ ጓደኛ አለው። የታመመው ጓደኛው ነው፣ የሚያፍረውም ጓደኛው ነው፣ ሱሪውን የሚያወልቀው ግን ራሱ ነው። ስለዚህ ጓደኛህን እዚህ ላይ እንሸኘውና እኔና አንተ እንነጋገር።

በስልክ ያልጠየቅሁህ ያ ስልክህ ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ካልጮኸ ስለማይሰማ ነው። ባለፈው «ደህና ነህ ወይ?» ስልህ መላው ወርክሾፕ «ደህና ነን እትዬ!» ብሎ መለሰልኝ። በእንዲህ ያለ ስልክ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

ከየት አመጣኸው ብዬ አላፋጥጥህም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው አለች ወይ? ካለች እሷም መታከም አለባት፣ ካንተ ጋር እኩል፣ የራሷን መድኃኒት ወስዳ። አንተን ስላቃጠለህ ነቃህ። ሴት ልጅ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቀመጠው፤ አንድ ቀን ሲናገር ጉዳቱ ደርሷል። ይህን የምልህ በየሳምንቱ ስለማየው ነው።

እባክህ እዚያው ያለው ጤና ጣቢያ ሂድና ተመርመር። ደምህንም ስጥ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተህ አድገሃል።

እህትህ

ጥቅምት 17

ለውድ እናቴና ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እማዬ፣ እንዳልሽው ሁለት ሹራብ እደርባለሁ፤ ጓደኞቼ «ትራሱ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። አለቃችን አዲስ ሠራተኛ ሲገባ «መስታወት የሚሰበረው በእጅ አይደለም፣ በሐሳብ ነው» ይለዋል። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ይሰብራል ማለቱ ነው። ባለፈው እኔም አንድ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ሰበርኩ። እጄ ምንም አልሆነም፣ አይዞሽ።

ከዚህ በታች ለብቻሽ።

እትዬ፣ እሺ፣ እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ተሰናብቶሻል።

ጤና ጣቢያው ሄጄ ነበር፣ እውነቴን ነው። ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ካርድ የምታወጣው ልጅ የአለቃዬ የወንድም ልጅ ሆና ተገኘች። «አንተ! ምን ሆንክ?» አለችኝ በዚያች ትንሽ መስኮት፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማ። ምን ልበላት? መስኮቱን ልለካ ነው የመጣሁት አልኳት። ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ስለነበር አውጥቼ ለካሁላት። ቁመቱን፣ ወርዱን፣ በእጄ ላይ ጻፍኩ። «ዋጋውን በሚቀጥለው ሳምንት አምጣልን» ብላ ሸኘችኝ። አሁን ጤና ጣቢያው መስታወት ይጠብቃል፣ እኔ ደግሞ ማቃጠሉን ይዤ ተመልሻለሁ።

ስለዚህ እባክሽ አንቺው ላኪልኝ። ስሙን እንኳ ባላውቀው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ለጠየቅሽኝ፣ ሰው የለችም። ሆቴል መስታወት ልንገጥም ከከተማ ወጥተን የሰነበትን ጊዜ የሆነ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ነው፣ አልፏል። ሰው ብትኖር ላንቺ እደብቃለሁ?

ወንድምሽ

ጥቅምት 26

ለወንድሜ፣

መድኃኒቱን በአውቶቡሱ ሹፌር ልኬልሃለሁ። ከብስኩቱ ሥር ነው፤ ብስኩቱ የእማዬ ነው፣ እሱን ለጓደኞችህ ማካፈል ትችላለህ።

ይህን የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። ማክሰኞ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ አስተማርኩ። ልጆቹ ስማቸውን ሳይጽፉ በብጣሽ ወረቀት ጥያቄ ይጥላሉ፣ እኔ በማይክ እያነበብኩ እመልሳለሁ። አንዱ «ሌላ ሰው የተነሣበት ወንበር ላይ መቀመጥ ያስይዛል ወይ?» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ ደግሞ «እሱ ሲታይ ጤነኛ ነው፣ እንዴት ብዬ ልጠይቀው?» ብላለች። እዚያ ላይ ማንም አልሳቀም። መልክ አይናገርም፣ የሚናገረው ምርመራ ነው፤ የሚወድሽ ሰው ጥያቄሽን አይጠላም፤ ሁለት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ሂዱ፤ ሳይመረምር ኪኒን የሚያቀብላችሁን ሰው ዘመድም ቢሆን እምቢ በሉት አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ለገዛ ወንድሜ፣ ሳልመረምረው፣ ኪኒን በጋዜጣ ጠቀለልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼው ነው።

ግን የዚያች ልጅ መስኮት ታየኝ። አንተ ዕድሜ ልክህን መስኮት ስትለካ ታየኝ። ሰው የለችም ስላልከኝም አምኜህ ነው።

ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሰባት ቀን። ማቃጠሉ ቢተውህ እንኳ እስኪያልቅ አታቋርጥ። በብዙ ውሃ ዋጠው፣ እንደዋጥከው አትጋደም፣ ከወተት ጋር አታገናኘው። እስክትጨርስና ከዚያም ለሳምንት ያህል ማንንም እንዳትነካ።

ከሥሩ ያለው ካርቶን ኮንዶም ነው። አትፈር፣ እኔም አላፈርኩም። እንዲያውም ዋሸሁ፤ ስጠቀልለው ፊቴ ቀልቶ ነበር። ተጠቀምበት። ለደም ምርመራው ደግሞ ሌላ ጤና ጣቢያ ፈልግ፣ እሱን በፖስታ ልልክልህ አልችልም።

እህትህ

ኅዳር 11

ለውድ እናቴና ለእትዬ፣

እንዴት ሰነበታችሁ? ብስኩቱ ደርሶ ዕለቱን አለቀ። አለቃችን ሳይቀር «እናትህን ሰላም በልልኝ» ብሏል፣ እሱ ሰላምታ በቀላሉ የሚያወጣ ሰው አይደለም። እማዬ፣ ያ የሰበርኩትን መስታወት ከደሞዜ አልቆረጠውም።

ከዚህ በታች ለብቻሽ።

እትዬ፣ ድኛለሁ። ማቃጠሉ ጠፍቷል፣ እንደ ልጅነቴ ሆኛለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ካርቶኑን ለጓደኞቼ አደልኩት፤ ሰው የለችኝም ብዬሽ የለ፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል? አሁን በዚህ ወርክሾፕ አንቺን የማያመሰግን የለም። የደሙን ምርመራ ሥራ ሲቀንስ እሄዳለሁ።

አንዲት ጎረቤታችን ሰላም ትልሻለች። ከኛ ቀጥሎ ያለው ቀለም መሸጫ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ቀለም የምትቀይጠው እሷ ናት። በሁለታችን ቤት መካከል ያለው ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ስትስቅ እዚህ ይሰማል። ደብዳቤ ስጽፍ አይታ «እህትህን ሰላም በልልኝ፣ አመሰግናለሁ በልልኝ» አለችኝ። በብስኩቱ ነው መሰለኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 9

ለውድ እናቴና ለእትዬ፣

ደህና ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቷል። ብርዱ በርትቷል፣ ግን ሹራቦቹ አሉ። እማዬ፣ ዛሬ አጭር ነው፣ አትቀየሚኝ።

ከዚህ በታች ለብቻሽ።

እትዬ፣ ስለ ቀለም መሸጫዋ ልጅ በየደብዳቤሽ ለምን ደጋግመሽ እንደምትጠይቂኝ አልገባኝም። ጎረቤት ናት አልኩሽ። ለብስኩት ማመስገን ነውር ነው? የደም ምርመራውንም እሄዳለሁ አልኩሽ፣ አልረሳሁትም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአንድ ጓደኛዬ እህት ታማለች። ከእምብርቷ በታች በጣም ያማታል፣ ስትራመድ ጎበጥ ትላለች፣ ማታ ማታ ያተኩሳታል። ይህ ነገር ያ የላክሽልኝ ኪኒን የሚያመጣው ነው? ማለቴ፣ አንድ ሰው ጠዋቱን ትቶ ማታ ማታ ብቻ ቢወስደው ሆድ ያማል ወይ? ከወሰደችውም ቆይቷል። ማስታገሻ ገዝተውላታል፣ ትንሽ ይሻላትና ይመለስባታል። ምን ይሁን ትያለሽ? ቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 18

ወንድሜ፣

ሰላምታ ይቆየን። አሁን ደውዬልህ መዝጋቴ ነው።

የአውቶቡሱ ሹፌር መኪናው ተበላሽቶበት ደብዳቤህ ዛሬ ነው የደረሰኝ። ለእማዬ የላይኛውን አነበብኩላትና የታችኛውን ቆሜ አየሁት። «ማታ ማታ ብቻ» የሚለው ጋ ስደርስ ሁሉም ተገለጠልኝ። ጠዋት ጠዋት የወሰደው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም። ስልኩን አነሣሁ። ስለ ስልክህ ያወቅሁትን ሁሉ ረሳሁት።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አሁን ሳስታውሰው አፌ ቁርጥ ይበል እላለሁ። «ያቺን የቀለም መሸጫዋን ልጅ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዳት! የአባላዘር መድኃኒት ነው ያካፈልካት፣ ለሁለት የተከፈለ መድኃኒት አንተንም እሷንም አያድንም!» አልኩ። በማይክ መናገር ለምዶብኝ በደንብ አድርጌ ነው የተናገርኩት፣ ቃል በቃል። ከዚያ «ደህና ነን እትዬ» የሚል አልነበረም። አንድ ሰው መስታወት ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ያኔ ነው ቆርቆሮው ትዝ ያለኝ።

በሕይወቴ ስንት ልጅ «ለማንም አትንገሪብኝ» ብሎኝ ስንቱን ምስጢር ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዣለሁ። የማላውቃትን ልጅ ግን በጓደኞችህ ፊት፣ በሥራ ቦታዋ ገለጥኳት።

አሁን ማዘኑን ትተህ ይህን አድርግ። እምቢ ብትልም ለምነህ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዳት። ለሐኪሙ የወሰደችውን ኪኒን ስሙን ከማሸጊያው ላይ አሳየው፣ ምን ያህል እንደወሰደች፣ መቼ እንዳቆመች ሳትሸፋፍን ንገረው። «ጓደኛዬ» እንዳትል። አንተም እዚያው እንደገና ተመርምረህ በሙሉ ታከም፤ ያልጠፋ እሳት ነው ያለህ። ለሷ ደግሞ እውነቱን ካንተ አፍ ትስማው፤ ከኔ የሰማችው ይበቃታል።

ሹፌሩ ሊነሣ ነው።

እህትህ

ታኅሣሥ 27

እትዬ፣

ዛሬ ለእማዬ የሚነበብ የለኝም። አንቺው ፈጥረሽ አንቢላት።

ስልኩን እንደዘጋሽው በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ሽርጧን እንዳደረገች፣ እጇ ሰማያዊ ቀለም ነክቶት። አላለቀሰችም። «የጉንፋን መከላከያ ነው ያልከኝ?» አለች፣ በሁሉም ፊት። አለቃችን ነው ኮቱን አንሥቶ «ታክሲ ልጥራ» ያለው። ታክሲው ውስጥ ሆዷን ይዛ በመስኮት በኩል ታይ ነበር።

ሐኪሙ እንዳልሽው ሁሉንም ጠየቀኝ፣ እኔም እንዳልሽው ሁሉንም ተናገርኩ። የማህፀኗ ቱቦ በአንድ በኩል መግል ቋጥሮ ነበር። ግሉኮስ ሰቅለው፣ መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጥተው፣ አልመለስ ሲላቸው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ያንን ቱቦ አወጡት። ሐኪሙ ሌላው ደህና ይመስላል፣ ስለ ልጅ ግን ከአሁኑ እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም አላት። ይህን ሲላት እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ። ሁለታችንም ደም ሰጥተናል፣ ኤች አይ ቪ የለብንም፤ ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት ብለውናል። እኔም መርፌ ተወግቻለሁ፣ የራሴን ኪኒን እስከ መጨረሻው እየወሰድኩ ነው።

ለምን እንዲህ አደረግህ ትዪኝ ይሆናል። እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። በእማዬ ቤት ብቻውን የሚበላ ሌባ ነበር። አንድ ብርቱካን ሲመጣ እኔ እከፍላለሁ፣ አንቺ ትመርጫለሽ። እንቁላሉን በክር ነበር የምንከፍለው። ብርድ ልብሱን እንኳ መሐሉ ላይ መስመር አስምረንበት ነበር። ያን ኪኒን ስቀበል እሷ ትዝ አለችኝ፤ እሷም መታከም አለባት ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበርና። ጠዋት ጠዋት የኔ፣ ማታ ማታ የሷ አደረግሁት። ማቃጠሉ ሲተወኝ ለሁለታችንም በቃ አልኩ። ከራሴ ላይ ቀንሼ ስሰጣት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥሩ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የደበቅሁሽ ፈርቼ ነው። አንቺ «ይዘሃት ሂድ» ትይኛለሽ፣ እሷ «ከየት አመጣኸው» ትለኛለች። ሆቴሉ ጋ የሆነው እሷን ካወቅሁ በኋላ ነው። ሁለታችሁንም ፈራሁና ሁለታችሁንም ዋሸሁ።

ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ ሁለት ጊዜ አናግራኛለች። መጀመሪያ «ቫርኒሽ ላይ ማጠንከሪያውን ቀንሰህ ብትጨምርበት ለዘላለም አይደርቅም። ስንት ቀን ነው በፊትህ ለደንበኛ ስናገር የሰማኸኝ?» አለችኝ። ሁለተኛው ትናንት ነው። «እህትህ እኔ መኖሬን ታውቅ ነበር?» አለች። ልዋሻት አስቤ ነበር፣ ከልቤ አስቤ ነበር። «ሰው የለችኝም ነው ያልኳት» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሌላውን ሁሉ ስትሰማ እንዲህ አልሆነችም ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰፈሩ ምን እንደሚል እኔ ጋ አይደርስም፣ እኔ ስገባ ወሬ ይቀየራል። የቀለም ቤቱ ባለቤት «ስትድኚ እንነጋገራለን» ብላታለች። ያ ማለት አትመለሺ ማለት ነው።

ልጽፍላት እፈልጋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ንገሪኝ።

ወንድምሽ

ጥር 6

ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ይህን ስጠይቅህ የምሬን ነው። እንዴት ነህ?

ምን ብለህ እንደምትጀምር አልነግርህም። እስከ ዛሬ የነገርኩህ ምን እንዳመጣ አየነው። ራስህ ጀምረው፣ ብትሳሳትም ስሕተቱ ያንተ ይሁን።

ለእማዬ ፈጥሬ ላነብላት ሞክሬ ነበር። «ሥራ በዝቷል፣ ብርዱ በርትቷል» ብዬ ጀመርኩ። «ያን ባለፈው አንብበሽልኛል» አለችኝ። «ስልክ ስትደውዪ እዚሁ አጠገብሽ ነበርኩ። እኔ ዓይኔ ነው የደከመው። አሁን ከታች ያለውን አንብቢልኝ።» አነበብኩላት። ብርቱካኑ ጋ ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ፣ ከዚያ «ቀጥዪ» አለች። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ልጅቷ እናት አላት?» አላውቅም አልኳት። አላት ወይስ የላትም? ይህን ሳልጠይቅህ ስንት ደብዳቤ ጻፍኩልህ።

ክሊኒኩ ውስጥ ለኃላፊያችን ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ሳይመረመር መድኃኒት መላኬን፣ በስልክ የሰው ምስጢር መዝራቴን። ቁጣ አልጨመሩበትም፣ ማይኩን ግን ለጊዜው ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። ልክ ናቸው። ትናንት ማይኩን የተረከበችው ነርስ ትምህርት ቤት ስትሄድ የጥያቄ ሳጥኑን ተሸክሜ እስከ በሩ ሸኘኋት። አለቀስኩ፣ ሳይታወቅብኝ አይቀርም።

መጥቼ ላያት እፈልጋለሁ። ግን እሷን ሳትጠይቅ አልመጣም፤ እምቢ ካለች እምቢታዋን አክብር፣ አታግባባት። ሰላምታዬን አድርስልኝ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አንተ እንዳትልልኝ፤ እሱን ራሴ እላታለሁ፣ ፈቃዷ ከሆነ።

ኪኒንህን ጨርስ።

እህትህ

ጥር 19

ለነርሷ፣

አድራሻሽን ያገኘሁት ወንድምሽ ከተወው ፖስታ ጀርባ ላይ ነው። አንቱ ልልሽ ነበር፣ ታላቅ ነሽና። ሁለት ወረቀት በአንቱታ ጀምሬ ቀደድኩ። በአንቱታ መቆጣት አይሆንልኝም።

እናት አለችኝ፣ ጠይቀሽ ነበር አሉ። አሁን እሷ ጋ ነው ያለሁት። ወንድምሽ ሰላምታሽን በር ላይ ቆሞ ነው ያደረሰው፤ እናቴ ግባ አላለችውም። የራሱንም ደብዳቤ ሰጥቶኝ ሄደ። ገና አልከፈትኩትም።

ያን ቀን ለአንድ ደንበኛ የግድግዳ ቀለም እየቀየጥኩ ነበር። ድምፅሽን በቆርቆሮው ሰማሁ። ቆንጆ ድምፅ አለሽ፣ ጥርት ያለ። «ሐኪም ቤት ውሰዳት» ስትዪ ስለ ሌላ ሴት መስሎኝ አዘንኩላት። እውነቴን ነው፣ ምስኪን አልኩ። ከዚያ «የቀለም መሸጫዋን ልጅ» አልሽ። ደንበኛው ባልዲውን ሳይወስድ ወጣ።

ሐኪሞቹ ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ ትሞቺ ነበር ይሉኛል። ስለዚህ ያዳነኝ ጩኸትሽ ነው። ያዋረደኝም እሱ ነው። የትኛውን አስቀድሜ እንደምናገር ስለማላውቅ ሁለቱንም ጻፍኩልሽ፣ አንቺው አስቀድሚ።

ኪኒኑን ሲሰጠኝ «የጉንፋን መከላከያ ነው፤ እህቴ ነርስ ናት፣ ለሁለታችንም ላከችልን» ነበር ያለኝ። ደስ አለኝ። ማታ ማታ ስውጠው አንቺን አስብ ነበር። ለእናቴም «ሳታየኝ አሰበችልኝ» ብዬ ነግሬያታለሁ። አመሰግናለሁ በልልኝ ያልኩት ለዚያ ነው፣ ብስኩት አልቀመስኩም። ለካ እኔ እዚያ ደብዳቤ ውስጥ የለሁም። ቱቦው ቢወጣም ቁስሉ ይድናል አሉኝ፣ እየዳነም ነው። የለችም መባሌ ግን በተኛሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

አሁን የምጠይቅሽን ስሚ። ሐኪሙን ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይስ አልችልም ስለው «እናያለን» ይለኛል። እናያለን ማለት ምን ማለት ነው? ምን ያህል ሴቶች እንደኔ ሆነው ወለዱ? ደስ እንዲለኝ ብለሽ ሳይሆን የምታውቂውን ጻፊልኝ፣ የማታውቂውንም አላውቅም በዪ። ሌላ ሰው አንድ ቀን ቢመጣ መቼ ነው የምነግረው? ሳይነካኝ በፊት ምርመራ እንሂድ ብለው ቢስቅብኝ ምን ልበለው? እኔ ያኛውን አልጠየቅሁትም። ጤነኛ ይመስል ነበር፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚዞር ሰው ምን ይኖርበታል አልኩ።

ደግሞ ሌላ አለ። ሠፈሩ ሁሉ ስላወቀ ሰዎች ይሸሹኛል ብዬ ነበር። ትልልቆቹ ሸሹ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ሦስት ልጆች ተራ በተራ ጓሮ በኩል ወደኔ መጥተዋል። አንዷ ልብስ ስፌት ቤት የምትሠራ ናት፣ አንዷ ገና ተማሪ ናት። ሕመሙ እንዴት ነበር የጀመረሽ? ጤና ጣቢያ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ሳታይ መግባት ይቻላል? ኮንዶም ጠይቂው ስባል ምን ብዬ ልጀምር? ይሉኛል። ለጓደኛችን ነው ይላሉ። እኔ ምን አውቄ? ተማሪዋን እጇን ይዤ ራሴ ወስጃታለሁ፤ መስኮቱ ላይ ያቺ ልጅ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ «ስሜን እንጂ ሕመሜን አትጠይቂኝ፣ እሱን ለሐኪም ነው የምናገረው» አልኳት። ካርዱን ሰጠችን። ለሁለቱ ግን መልስ የለኝም። ለነሱም ጻፊልኝ፣ ማይክ ላይ እንደምትዪው ሳይሆን አጠገባቸው ተቀምጠሽ እንደምትዪው።

መልሱን በእኔ ስም ላኪው፣ በወንድምሽ በኩል እንዳይሆን። በስልክም አይሁን። እስከዚያ መምጣት የለብሽም፤ መጀመሪያ ልወቅሽ።

ሰላም ብላሻለች ቢልሽ ደግሞ እንዳታምኚው። ሰላም አላልኩሽም። የጻፍኩልሽ መልስ ስለምፈልግ ነው።